የድፍኑ ዋጋ

አክስቴ በር ሲንኳኳ «ማነው?» አትልም። «ምን ፈልጎ ነው?» ነው የምትለው። የምትለው ለእኔ ነው፤ ነገር ግን በራችን ስስ ጣውላ ስለሆነ ውጭ የቆመው ሰው ሁሉ ይሰማታል። ብዙ ጊዜ ነግሬያታለሁ። ይስማ ትላለች፤ ልቡ ንጹሕ ከሆነ ምን ይጎዳዋል?

በሰፈሩ ስሟ «ይጣራ» ነው። ስሙን ያወጣላት ባለሱቁ ነው። አንድ ቀን ክብሪት ገዝታ እዚያው ባንኮኒው ላይ ዘረገፈችና እንጨቶቹን አንድ በአንድ ቆጠረች። ሦስት ጎድሎ ነበር። ለሦስት የክብሪት እንጨት ሩብ ሰዓት ተከራክራ ሌላ ክብሪት አስከፍታ አስሞልታ ወጣች። ቤትም ውስጥ ያው ናት። የዘይቱ ጠርሙስ ላይ በጥፍር ቀለም መስመር ታሰምራለች፤ ቤቱ ውስጥ የምንኖረው ደግሞ እኔና እሷ ብቻ ነን። ተጠርጣሪዋ ማን እንደሆነች እንግዲህ ግልጽ ነው። እናቴ ከሞተች ጀምሮ ያሳደገችኝ፣ ያስተማረችኝ፣ ሲያመኝ ከአጠገቤ የማትለየው እሷ ናት፤ ያም ሆኖ የዘይቱ መስመር አልተነሳልኝም። ስቆጣ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ብላ ትዘጋኛለች።

ሃያ ሰባት ዓመት ሳሙና ቆራጭ ነበረች። የምትሠራበት ፋብሪካ ከአንድ ትልቅ መጋዘን አይበልጥም። ሳሙናው ከፈላ በኋላ የእንጨት ሣጥን ውስጥ ይፈስሳል፤ ሲረጋ ስምንት ኪሎ የሚመዝን አንድ ወፍራም ነገር ሆኖ ይወጣል። ይህን ያልተቆረጠ ሳሙና ሠራተኞቹ «ድፍኑ» ይሉታል። አክስቴ ድፍኑን ቀጫጭን ሽቦ በተወጠረበት የብረት ፍሬም ውስጥ አንዴ በቁመቱ፣ አንዴ በወርዱ ትገፋዋለች፤ በወዲያኛው በኩል አርባ እኩል ሳሙና ሆኖ ይወጣል። መዳፏ በሶዳ ተልጦ ተልጦ መስመር አልቀረበትም። መዳፍ አንባቢ ቢያገኛት የሚያነበው ያጣል።

አንድ ጊዜ የዘይት ዋጋ ሲንር የፋብሪካው ባለቤት የሳሙናውን ዋጋ አልጨመረም። የቀየረው ፍሬሙን ነው። የአዲሱ ፍሬም ሽቦ ቀረብ ቀረብ ያለ ስለነበር ያው ድፍን ሃምሳ ቦታ ይቆረጥ ጀመር። አንዱ ሳሙና ድሮም በአስር ነበር፣ አሁንም በአስር ሆነ። በሩ ላይ «ዋጋ አልጨመርንም» የሚል ወረቀት ተለጠፈ፤ ውሸትም አልነበረበትም። ድፍኑ ግን አራት መቶ ያወጣ የነበረው አምስት መቶ ማውጣት ጀመረ። ይህን ስታጫውተኝ ትስቅ ነበር፤ ሳቋ ግን ጀምሮ የሚቆም ዓይነት ሳቅ ነው። ለምን እንደሚቆም አልጠየቅኳትም።

ባለፈው ዓመት ባለቤቱ አረጀና ፋብሪካውን ሸጠ፤ ሠራተኞቹንም አሰናበተ። ለአክስቴ ሁለት መቶ ሺህ ተከፈላት። ጡረታ የላትም፣ ልጅ የላትም፣ ጉልበቷም ደረጃ ሲያይ ያማርራል። እኔ ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥሬ የማገኛት ለቤት ኪራይና ለአስቤዛ ደርሳ እዚያው ታልቃለች። ስለዚህ ያ ገንዘብ የእርጅናዋ ዳቦ ነበር፤ እሱ ከጠፋ ሌላ የለም።

አጎቴ አንድ ወረቀት ይዞ የመጣው ይሄኔ ነው። አጎቴ የአክስቴ ታናሽ ወንድም፣ ቤት ቀቢ ነው። ሃምሳ ዓመት ሞልቶታል፣ እሷ ግን እስከ ዛሬ «ይሄ ልጅ» ነው የምትለው። ምን ያህል ቢታጠብ ጆሮው ሥር አንዲት የቀለም ጠብታ አትጠፋም፤ የሚሠራበትን ቤት ቀለም ጆሮውን አይተን እናውቃለን። የዚያን ቀን አረንጓዴ ነበር።

ወረቀቱ የሚያብረቀርቅ፣ የአክሲዮን መሸጫ ቢሮ ማህተም ያለበት ነው። ሁለት ኩባንያዎች ተጽፈውበታል። አንዱ የዱቄት ፋብሪካ ነው፤ የአንዱ አክሲዮን ዋጋ መቶ። ሌላው የጠርሙስ ፋብሪካ ነው፤ የአንዱ አክሲዮን ዋጋ አራት ሺህ። አጎቴ ጣቱን ዱቄቱ ላይ አሳረፈ።

«እትዬ፣ ባንቺ ገንዘብ ከዚህኛው ሁለት ሺህ አክሲዮን ይደርስሻል። ከጠርሙሱ ሃምሳ ብቻ ነው። ሁለት ሺህና ሃምሳ እኩል ነው እንዴ? ደግሞ የሚያድገው ርካሹ ነው። መቶው እንደ ጠርሙሱ አራት ሺህ ሲገባ አስቢው።»

እውነቱን ለመናገር እኔን አሳምኖኛል። አክስቴ ግን ወረቀቱን ትታ የምታየው እጁን ነበር። አስብበታለሁ ብላ ሸኘችው፤ በሩ እንደተዘጋም ወደ እኔ ዞራ ስንት እንደሚያስቡለት ጠየቀችኝ። እነማን ስላት፣ ሻጮቹ ናቸዋ አለች፤ አንድ ሰው ጎትቶ ላመጣ ኮሚሽን ሳይኖረው አይቀርም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን የምርመራ ክፍል ሆነ። ማስረጃዎቿን ደርድራ ነገረችኝ። አንደኛ፣ ይሄ ልጅ ካለፉት አራት ወራት ወዲህ እግሩን አሳጥሯል፤ ሲመጣም ዐይን ለዐይን አያይም። ሁለተኛ፣ እሷ ከሥራ ሳትሰናበት በፊት አንድ ቅዳሜ ወረቀት በብብቱ ይዞ ደጃችን ድረስ መጥቶ ሳያንኳኳ ተመልሷል። ይህን እኔም አስታውሳለሁ፤ በመስኮት አይቼው አጎቴ እየመጣ ነው ብዬ የነገርኳት እኔ ነኝ። በር ልከፍት ስነሳ ጀርባውን አየሁት። ያኔ አክስቴ «አየሽ፣ ያሰበው ነገር ነበር፤ እንደነቃሁበት አውቆ ተመለሰ» ብላ ነበር። አሁን ነገሩ ሁሉ ገጠመላት።

ሻጩን ደግሞ እኔ እንድሰልል ታዘዝኩ። ሰውዬው ወረቀቶቹን የሚያባዛው እኛ ፎቶ ኮፒ ቤት ስለሆነ ሥራው ቀላል ነበር። ጫማው አዲስ ነው፣ ቀበቶው ላይ ግን በምስማር የተበሳ ተጨማሪ ቀዳዳ አለ ብዬ ሪፖርት አቀረብኩ። ከስቷል ማለት ነው አለች፤ የከሳ ሰው ጭንቀት አለበት፣ ጭንቀት ያለበት ሰው ደግሞ ይዋሻል። እኔም በዚያው ዓመት ከስቼ ነበርና ዝም አልኩ።

ይህ ሁሉ አልበቃት ብሎ፣ ከነጉልበቷ ሁለት አውቶቡስ ቀይራ ፋብሪካዎቹ በር ላይ ሄዳ ተቀመጠች። ሁለት ቀን ዱቄቱ ጋ፣ ሁለት ቀን ጠርሙሱ ጋ። ከዱቄቱ ግቢ በቀን ስድስት የጭነት መኪና ይወጣል፤ ከጠርሙሱ አሥራ ዘጠኝ። ዘበኞቹ ምን ፈልገሽ ነው ሲሏት፣ ያ የእሷ ጥያቄ ስለሆነ ሳትናደድ አልቀረችም።

በአራተኛው ቀን ማታ እግሯን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክራ ፍርዷን ሰጠች። ዱቄቱ ትንሽ ፋብሪካ ነው፣ ርካሽ የሆነውም ትንሽ ስለሆነ ነው። ጠርሙሱ ትልቅ ነው፣ ውድነቱም ለዚያ ነው። ነገሩ እርስ በርሱ ይስማማል፤ ስለዚህ ውሸት የለበትም፤ ዱቄቱን እገዛለሁ፤ ይሄ ልጅ ኮሚሽኑን ቢበላም ይብላ። እኔም ተገላገልን ብዬ ደስ አለኝ። ሁለታችንም አንድ ነገር አልጠየቅንም፤ እኔስ እሺ፣ ሃያ ሰባት ዓመት ስትቆርጥ የኖረችው እሷ እንዴት እንዳልጠየቀች እስካሁን ይገርመኛል።

በቀጠሮው ቀን ሦስታችንም ቢሮው ሄድን። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ አንድ ጠረጴዛ፣ አራት ወንበር፣ ሲዞር የሚንቋቋ የጣሪያ ማራገቢያ። አጎቴ ነጭ ሸሚዝ ለብሷል። ሻጩ ለአክስቴ ወንበር ስቦ «ይቀመጡ እናቴ» አላት። ያልወለድኩት ልጅ እናቴ ሲለኝ ቦርሳዬን እይዛለሁ የምትለው አባባል አላት፤ እውነትም ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ በሁለት እጇ ያዘች።

ቅጹ ተሞላ። ስሟ፣ አድራሻዋ፣ የአክሲዮን ብዛት ሁለት ሺህ። እስክሪብቶው እጇ ውስጥ ገባ። ሻጩ ዝምታው ከብዶት ነው መሰለኝ መልካም ዜና ጣል አደረገ። ኩባንያው በቅርቡ እያንዳንዱን አክሲዮን ለሁለት ሊከፍለው አስቧል፤ ያኔ ሁለት ሺዋ አራት ሺህ ትሆናለች፣ የአንዱም ዋጋ ወደ ሃምሳ ይወርዳል፤ አቅም ለሌለው ሰው ሁሉ እንዲደርስ ነው።

አክስቴ እስክሪብቶውን አላስቀመጠችውም፤ ወረቀቱ ላይ ግን አላሳረፈችውም።

«ቆይ ልጄ። ቁራሹ ለሁለት ሲቆረጥ ድፍኑ ምን ይሆናል?»

ሻጩ ድፍኑ ምን እንደሆነ ጠየቃት። ኩባንያውን በሙሉ ማለቷ እንደሆነ ነገረችው፤ አክሲዮኑ ሁሉ አንድ ላይ ቢሸጥ የሚያወጣው። እሱማ አይነካም አላት፤ ቁራሹ ሲበዛ የአንዱ ዋጋ ይቀንሳል እንጂ ጠቅላላው ያው ነው።

ፊቷን እያየሁ ነበር። ያ አዲስ ፍሬም ከነሽቦዎቹ ፊቷ እንደመጣ አወቅኩ። እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስተኛችው።

«እና አሁን ስንት ቦታ ነው የተቆረጠው?»

ሻጩ ምንም አልደበቀም፤ ይህን ልመስክርለት። ከሚያብረቀርቀው ወረቀት ጋር የተያያዘውን ደብተር ገልጦ ገጽ ዘጠኝን አሳየን። ዱቄቱ ሠላሳ ሚሊዮን አክሲዮን አለው። ጠርሙሱ ሁለት መቶ ሺህ ብቻ። የአንዱን ዋጋ በብዛቱ ማባዛት ነው አለ፤ የሚመጣው ቁጥር የኩባንያው ጠቅላላ የገበያ ዋጋ ይባላል። ያንን ገጽ በገዛ እጄ አርባ ጊዜ ፎቶ ኮፒ አድርጌዋለሁ። አንድም ቀን አላነበብኩትም።

ስልኬን አውጥቼ አባዛሁ። ዱቄቱ ሦስት ቢሊዮን መጣ። ጠርሙሱ ስምንት መቶ ሚሊዮን። ተሳስቼ እንደሆነ ብዬ እንደገና ሠራሁት፤ ያው ነው። በቀን ስድስት መኪና የሚያስወጣው «ርካሹ» ፋብሪካ፣ አሥራ ዘጠኝ መኪና ከሚያስወጣው «ውዱ» አራት እጥፍ ሊሞላ ምንም በማይቀረው ዋጋ ነው የሚሸጠው። አክስቴ ትርፋቸውን ጠየቀች። ዱቄቱ በዓመት ሠላሳ ሚሊዮን ያተርፋል፣ ጠርሙሱ ሰማንያ። ጣቷን እያጠፈች ስታሰላ ቆየችና፣ በዚህ አያያዝ ዱቄቱ ዋጋውን የሚመልሰው በመቶ ዓመት፣ ጠርሙሱ በአሥር ዓመት ነው አለች። ሻጩ ዱቄቱ ሦስት አዳዲስ ወፍጮ ሊተክል እንደሆነ፣ ሰዎች የሚከፍሉትም ለነገው ተስፋ እንደሆነ በትሕትና አስረዳት።

«ነገን እኔም እፈልገዋለሁ፤ በስንት ነው የምትሸጡልኝ ነው ጥያቄዬ» አለችው።

ከዚያ እኔን ሁለት ነገር አሠራችኝ። መጀመሪያ፣ የዱቄቱ አክሲዮን አጎቴ እንዳለው አራት ሺህ ቢገባ ድፍኑ ስንት ይሆናል? መቶ ሃያ ቢሊዮን። መቶ ሃምሳ የጠርሙስ ፋብሪካ ማለት ነው። ቀጥሎ፣ በእሷ ገንዘብ ከድፍኑ ምን ያህሉ ይደርሳታል? ከዱቄቱ ሁለት ሺህ ቁራሽ ብትገዛ ከአሥራ አምስት ሺህ አንድ እጅ ነው። ከጠርሙሱ ሃምሳ ቁራሽ ብትገዛ ከአራት ሺህ አንድ እጅ። የናቅናት ሃምሳ ከሁለት ሺዋ ትበልጥ ነበር።

አክስቴ ወደ ወንድሟ ዞረች። እንዲህ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም፤ ዓመት ሙሉ ያሳደደችውን ሌባ እጅ ከፍንጅ የያዘች ትመስል ነበር።

«ስንት ከፈሉህ?» አለችው።

አጎቴ ጆሮ ሥር ያለችው ቀለም ያን ቀን ነጭ ነበረች፤ ፊቱም እንደዚያው ነጣ። እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ በአራት የታጠፈ ወረቀት አወጣና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። የአክሲዮን ምስክር ወረቀት ነው። የዱቄት ፋብሪካ፣ አንድ ሺህ አምስት መቶ አክሲዮን፣ በስሙ። የተገዛው ከአራት ወር በፊት ነው። የቀለም ሱቅ እከፍታለሁ እያለ አሥር ዓመት ያጠራቀመው ገንዘብ እዚያ ወረቀት ላይ ነበር።

«ኮሚሽን የሚባል አላየሁም እትዬ። አንቺ ሳታጣሪ የምትገቢበት ነገር የለም። አጣርተሽ ከገባሽ እኔም አልተሳሳትኩም ማለት ነው ብዬ ነው ያመጣሁሽ። እንቅልፍ አጥቼ ነበር።»

ማራገቢያው ይንቋቋል። ሻጩ ማኅተሙን ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ጎን አዛወረ። ማንም የዋሸ የለም፤ ይህ ነው ያናደደኝ። ሁሉም በገጽ ዘጠኝ ተጽፏል፤ መቶው መቶ ነው፣ ሠላሳ ሚሊዮኑም ሠላሳ ሚሊዮን ነው። አጎቴ አክሲዮኑን ዛሬ መልሶ ቢሸጥስ ብዬ ጠየቅኩ። ገዢ ከተገኘ ይቻላል፣ ሰሞኑን ግን ገዢዎች የሚሰጡት ሰማንያ አካባቢ ነው አለ ሻጩ። አጎቴ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ብሎ ወረቀቱን መልሶ አጠፈው። ስንወጣ ደህና ዋሉ እንኳ ሳይለን በሌላ መንገድ ሄደ።

አክስቴ ቤት ገብታ ነጠላ ጫማዋን ሳታደርግ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ቦርሳዋን እስካሁን እንደያዘች ነው። ከዚያ የዚያን ጀምሮ የሚቆም ሳቋን ምክንያት ነገረችኝ።

ፍሬሙ በተቀየረ በወሩ አንዲት ልብስ አጣቢ ፋብሪካው በር ላይ መጣች። በአንድ እጇ ከድሮው የተረፋት ሳሙና፣ በሌላው አዲሱ። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋ ምነው አነሰ አለች። ባለቤቱ አክስቴን መልሺላት አላት። አክስቴም የድሮው ሳሙናሽ እርጥበት ጠጥቶ አብጦ ነው እንጂ መጠኑ አንድ ነው ብላ ማለች። ሳሙና ሲቆይ እየደረቀ ያንሳል እንጂ አያብጥም፤ ይህን ደግሞ ከልብስ አጣቢ በላይ የሚያውቅ የለም። ሴትዮዋ አየት አድርጋት ሁለቱንም ሳሙና በመሐረብ ጠቅልላ ሄደች።

«ሌባ እናት ልጇን አታምንም ይላሉ» አለችኝ አክስቴ። «እኔ ሰው የማላምነው ሰውን አውቄ አይደለም። ራሴን አውቄ ነው።»

አንጀቴን በላችው። የዘይቱን መስመር ሁሉ ያን ጊዜ ይቅር አልኳት።

በማግስቱ ጠዋት አብረን አጎቴ ቤት ሄድን። ግቢው ውስጥ ዱካ ላይ ተቀምጦ ብሩሾቹን በጋዝ እያጠበ ነበር። ሲያየን አልተነሳም። አክስቴ ከፊቱ ቆመች፤ ጉልበቷ እያመማት መቀመጫ አልጠየቀችም። ዙሪያ ጥምጥም መሄድ አታውቅም፤ ይቅርታዋንም እንደ ክሷ ቀጥ አድርጋ ነው የተናገረችው። አራት ወር ሙሉ በልቧ ሌባ አድርጋው እንደኖረች፣ ተገፍፎ ሳለ ገፋፊ ነው ስትል እንደከረመች፣ በዚህም እንደምታፍር ነገረችው። ቀጥላ የሚቆረቁራትን ጠየቀች። አሥር ዓመት ያጠራቀመውን ሲያወጣ፣ ድፍንና ቁራሽ ስትለይ የኖረች እህት እያለችው፣ ለምን አንዴ እንኳ አላማከራትም?

አጎቴ ብሩሹን ጣሳው ጠርዝ ላይ አንጠባጥቦ አስቀመጠው።

«መጥቼ ነበር እኮ። አንድ ቅዳሜ። ሳልገዛ በፊት ይሄንኑ ደብተር ይዤ ደጃፍሽ ድረስ መጣሁ። በሩን ላንኳኳ ስል ከውስጥ ‹ምን ፈልጎ ነው?› ስትዪ ሰማሁ። እና ተመለስኩ።»

አክስቴ ቆማ ቀረች። አጎቴ ተነስቶ ዱካውን እስኪለቅላት ድረስ አልተቀመጠችም። እጁ ጋዝ ጋዝ እየሸተተ ትከሻዋን ይዞ አስቀመጣት፤ እሷም ያን የተላጠ መዳፏን እጁ ላይ ጫነች። እኔም የምገባበት ጠፋኝ። በመስኮት አይቼ እየመጣ ነው ያልኳት እኔ ነበርኩ፤ ዝም ብዬ በሩን ከፍቼ ቢሆን ኖሮ ገጽ ዘጠኝን ሦስታችን ባንድ ጠረጴዛ እናነበው ነበር።

ገንዘቧ እስካሁን ባንክ ነው፤ የጠርሙሱንም አልገዛች፣ ሌላም እያጠናች ነው። አጎቴ አክሲዮኑን አልሸጠም፤ ወፍጮዎቹ እስኪተከሉ እጠብቃለሁ ይላል። እሁድ እሁድ እየመጣ የኩባንያ ደብተር ይዘው ይጨቃጨቃሉ፤ እሷ መጀመሪያ የምትገልጠው የአክሲዮኑ ብዛት ያለበትን ገጽ ነው። የዘይቱ መስመር አሁንም በቦታው አለ። በር ሲንኳኳ ግን አክስቴ ከነጉልበቷ ራሷ ትነሳለች፤ ምንም ሳትናገር ሄዳ ትከፍታለች።